በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው የማህፀን ቀዶ ሕክምና

ላፓራስኮፒ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ጥቂት ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። የማህፀን ዕጢ ወይም ማዮማ፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናና ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) በዚህ መንገድ ይታከማሉ፤ ማህፀንን ጨርሶ ማውጣትም ይቻላል። ቁስሉ ትንሽ በመሆኑ ታካሚዋ የምታጣው ደም፣ የሚሰማት ሕመምና የቁስል ማመርቀዝ ይቀንሳል። ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ።

ለታካሚዋ የቀለለው ግን ለሐኪሙ ይከብዳል። እጁን ማስገባት አይችልም፤ የሚያየው በስክሪን ነው፤ የደም ሥር ቢደማ በጣቱ አፍኖ አይይዘውም፤ የቆረጠውንም ዕጢ በጠባብ ቀዳዳ ማውጣት አለበት። በዘርፉ የተፈጠሩት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከእነዚህ ችግሮች አንዱን ለመፍታት የተሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ችግር መግቢያው ነው። ታካሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ከወሰደች በኋላ ብዙ ጊዜ በእምብርት በኩል መርፌ ይገባል። በሰፊው የሚሠራበት መርፌ የሃንጋሪው ሐኪም ያኖሽ ቬሬሽ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያስተዋወቁት ነው። ስለታም ጫፉ የሆድን ግድግዳ በስቶ ባዶ ቦታ ሲደርስ፣ በውስጡ ያለው ደነዝ ዘንግ በስፕሪንግ ተገፍቶ ወደ ፊት ይወጣና አንጀትና የደም ሥር እንዳይወጋ ይከላከላል። ቀጥሎ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ይህ ጋዝ የተመረጠው ስለማይቀጣጠልና ወደ ደም ገብቶ በትንፋሽ ቶሎ ስለሚወጣ ነው። የቀረው ጋዝ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ ስለሚያስቆጣው፣ ብዙ ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለአንድ ለሁለት ቀን ትከሻቸውን ያማቸዋል።

የስዊድኑ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ እ.ኤ.አ. በ1910 የሰውን ሆድ በዚህ ዘዴ ማየታቸውን ሲያሳውቁ፣ ሥራው ከማየት እምብዛም አያልፍም ነበር። ዘዴውን ወደ ማህፀን ሕክምና በማምጣት ፈረንሳዊው ራውል ፓልመር፣ መቁረጥና መስፋት የሚቻልበት በማድረግ ደግሞ ጀርመናዊው ኩርት ዜም ይታወቃሉ። አሜሪካዊው ሃሪ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1989 ማህፀንን በላፓራስኮፒ ማውጣታቸውን ከዘገቡ ወዲህ ዘዴው ለትላልቅ ቀዶ ሕክምናዎችም ዋለ።

ደምን ለማቆም ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መቆንጠጫዎች አሉ። እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የደም ሥር ጨምቀውና አሙቀው ግድግዳዎቹን ያጣብቃሉ፤ ከዚያ መሃሉ ይቆረጣል። ሌላው መሣሪያ በሰከንድ ከ55 ሺህ ጊዜ በላይ በሚርገበገብ ስለት እየቆረጠ ደም ያቆማል። በስክሪን እያዩ ክር መቋጠር አድካሚ ስለሆነም፣ ጥቃቅን እሾህ ያለውና ሥጋውን ይዞ ወደ ኋላ የማይንሸራተት ክር መጥቷል፤ ቋጠሮ አያስፈልገውም።

ችግሩ በማህፀን ውስጠኛው ክፍል ከሆነ ሆድን መብሳት ጨርሶ አያስፈልግም። በሂስትሮስኮፒ ቀጭን ካሜራ በብልትና በማህፀን በር አልፎ ይገባል፤ ማህፀኑም በፈሳሽ ይወጠራል። በቀድሞው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ሲሠራ ፈሳሹ ጨው አልባ መሆን ነበረበት፤ ብዙው ወደ ደም ከገባ ሶዲየምን አውርዶ አንጎልን ያሳብጣል። አዲሶቹ መቁረጫዎች በጨው ውኃ ውስጥ ስለሚሠሩ ይህ አደጋ በእጅጉ ቀንሷል። ቢሆንም የጨው ውኃው ሲበዛ ልብንና ሳንባን ስለሚጎዳ፣ የገባውና የወጣው ይለካል፤ በጤናማ ሴት ላይ ልዩነቱ 2,500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ሥራው ይቆማል።

ብዙ ክርክር ያስነሳው ትልቅ ዕጢን የማውጣቱ ጉዳይ ነው። ሞርሴሌተር የሚባለው መሣሪያ ማዮማን በሆድ ውስጥ ቆራርጦ በቀዳዳው ያወጣል። ዕጢው ያልታወቀ ካንሰር ከሆነ ግን ፍርፋሪው በሆድ ውስጥ ይሠራጫል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በማዮማ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች በአንዷ ሳርኮማ የተባለ ካንሰር ሳይታወቅ ሊኖር እንደሚችል ገመተ። ከዚያ ወዲህ ዕጢውን በከረጢት ውስጥ አስገብቶ መቁረጥ ተለመደ።

ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ለማህፀን ቀዶ ሕክምና ተፈቀደ። ሐኪሙ ከታካሚዋ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ጥልቀትን በሚያሳይ ምስል እየተመራ፣ እንደ እጅ አንጓ የሚታጠፉ መሣሪያዎችን ያንቀሳቅሳል። ለመስፋት ይመቻል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ካንሰር ላልሆኑ ሕመሞች ከተለመደው ላፓራስኮፒ ግልጽ ብልጫ እንዳለው አልታየም። ሌላው አዲስ መንገድ በብልት በኩል ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ማህፀንን ማውጣት ነው፤ በሆድ ላይ ጠባሳ አይተውም።

የዘዴው ብልጫ ግን በጠባሳ ብቻ አይለካም። በማህፀን አካል ላይ ለሚወጣ፣ ገና ላልተሠራጨ ካንሰር ላፓራስኮፒ ተመራጭ ሆኗል። በማህፀን በር ካንሰር ላይ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 631 ሴቶችን ያካተተ ጥናት፣ ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት 96.5 በመቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ ከታከሙት 86 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በዚህም ምክንያት የሕክምና መመሪያዎች ለማህፀን በር ካንሰር ሥር ነቀል ቀዶ ሕክምና ወደ ክፍት ዘዴ ተመልሰዋል።

ስለዚህ ምርጫው በሕመሙ ዓይነት፣ በዕጢው መጠን፣ ቀድሞ በተደረገ ቀዶ ሕክምናና በሐኪሙ ልምድ ይወሰናል። በትንሽ ቀዳዳ የተጀመረ ሥራ ደም ሲበዛ ወይም አካላት ተጣብቀው ሲገኙ ሆድን ወደ መክፈት ሊዞር ይችላል፤ ታካሚዋም የስምምነት ፎርም ከመፈረሟ በፊት ይህ ሊነገራት ይገባል።