ያውቁ ኖሯል? «ካራቬላ» እና ጢንዚዛው

ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜው ዲያስ እ.ኤ.አ. በ1488 የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ የዞረው «ካራቬላ» በሚባሉ መርከቦች ነበር። ቀላልና ፈጣን ነበሩ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራቸው ነፋስ ከፊት ቢመጣባቸው እንኳ ግራና ቀኝ እየታጠፉ ወደፊት እንዲገፉ ያስችላቸዋል።

ስሙስ ከየት መጣ? «ኤላ» ማሳነሻ ቅጥያ ነው፤ ስለዚህ «ካራቬላ» ማለት «ትንሿ ካራቮ» ማለት ነው ይባላል። ካራቮም የጀልባ ስም ነው። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። አንዱ ወገን ቃሉን በላቲን አሻግሮ ግሪክ ያደርሰዋል፤ እዚያ «ካራቦስ» ጢንዚዛ ነው፣ ሸርጣን መሰል የባሕር እንስሳም ይጠራበታል። (የተደፋ ጀልባ አይቶ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ብዙም አይገርምም።) ሌላው ወገን ደግሞ ዓረቦች ፖርቱጋል የምትገኝበትን አይቤሪያን ለዘመናት መግዛታቸውን አስታውሶ፣ ጀልባ ማለት የሆነውን «ቃሪብ» ይጠቅሳል። መቼም ነገር ሲወሳሰብ አያድርስ ነው፤ ቃሪብም ራሱ ከግሪኩ ሳይወሰድ አልቀረም የሚሉ አሉ።

ፖርቱጋሎች ዛሬ አንድ ክፉኛ የሚናደፍ የባሕር ፍጥረትንም «ካራቬላ» ይሉታል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፊኛው የተወጠረ ሸራ ይመስላልና።