ከደጀ ሰላም ወደ ጎጆ

ነፋስ መውጫ ስሟ ጠባይዋን የሚናገር የጋይንት ከተማ ናት። በዚያ ደጋ ጎጆ ያለው ሰው እንኳ ከእሳት ዳር አይርቅም፤ ጎጆ የሌለውስ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተጠግቶ ከማደር በቀር ምን መጠለያ አለው? ከተጠጊዎቹ መካከል ለአገሩ የዘመተ ሽማግሌ ሲገኝ ነገሩ የሁላችን ዕዳ ይሆናል።

ውድ አንባብያን! የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሕዝብ ጦርነትን በወሬ ብቻ የሚያውቅ አይደለም። በ1982 ዓ. ም. በጉናና በደብረ ታቦር ዙሪያ ብርቱ ውጊያ ተደርጓል፤ በነሐሴ 2013 ዓ. ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር።

በ1983 ዓ. ም. መንግሥት ሲለወጥ ከ400 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች ትጥቃቸውን ፈትተው ተበተኑ። እነርሱን የሚያቋቁም ኮሚሽን በዚያው ዓመት ተመሥርቶ፣ ወደ ገጠር ለተመለሱት ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ አደለ። ይሁን እንጂ ሥራውን የመረመሩ ሰዎች እንደ መሰከሩት፣ ወታደሩን ከሰላም ኑሮ ጋር ያስታረቀው ርዳታው ብቻ ሳይሆን የዘመድና የጎረቤት አቀባበል ነው። ቀለብ በወራት ያልቃል፤ ጎረቤት ግን ይሰነብታል።

ይህ አቀባበል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ከሩቅ የመጣውን ተማሪ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ እናቶች የማን ልጅ ነህ ሳይሉ መግበውት ሊቅ ሆኗል። እንግዲህ የሩቁን ተማሪ ያሳደገ ደጅ፣ ከራሱ መንደር የዘመተውን ልጅ ስለ ምን ያሳፍረዋል? የትኛው መንግሥት አዘመተህ ብሎ መመርመርም የደጀ ሰላም ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ቁራሽ ያውላል እንጂ አያቋቁምም። ስለዚህ እድሩ የደከመውን ወታደር ያለ መዋጮ ይመዝግበው፤ በመዝገብ ስሙ ያለ ሰው ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ቀባሪ አለውና። አካሉ ተጎድቶ ማረስ ለተሳነው ባለ መሬት ሽማግሌዎች የታመነ የእኩል አራሽ ይፈልጉለት፤ ወጣቶች በደቦ ጎጆውን ይቀልሱለት፤ መምህራን ማመልከቻውን ይጻፉለት። በሌሊት እየጮኸ የሚነቃውንም ጋኔን ይዞታል ብለን አንሽሸው። የጦር ሜዳ ትዝታ ራሱን የቻለ ሕመም ስለሆነ፣ ጸበሉ ሳይቀርበት ወደ ሐኪምም እናድርሰው።

ከሁሉ ይልቅ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ እንዲኖር አንፍረድበት። በሰንበቴው ተራ ይሰጠው። ተራው ደርሶ እንጀራውንና ጠላውን ይዞ ወደ ደጀ ሰላም በገባ ቀን፣ ያን ጊዜ በእውነት ከዘመቻ ተመለሰ እንላለን።