ለእንጀራ ነው ለጠላ?

ወረታ መናኸሪያ አጠገብ በሁለት ቴሌቪዥንና በአራት ጆይስቲክ ጌም ቤት ከከፈትኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ተማሪዎች ሲለቀቁ ከነቦርሳቸው ይገባሉ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ጆይስቲኩንም ለተረኛ ያስረክባል።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጌም በሰው አስልኬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ስልኬ ላይ ያነበብኩት ግምገማ ከ10 ዘጠኝ ተኩል ሰጥቶታል። ዲስኩ የአንድ ሳምንት ገቢዬን በላ። ቅዳሜ ጠዋት ከፈትኩት። ጀግናው ፈረስ ላይ ሆኖ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ደግሞ ይሄዳል። ጆይስቲኩን የያዘው ልጅ ሩብ ሰዓት ያህል እንግሊዝኛ ሲያዳምጥ ቆየና «ጋሼ፣ ተጋጣሚዬ የታለ?» አለኝ። ተራ የሚጠብቁት አንድ በአንድ ወጡ።

ማታ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ስጫወተው ግን እስከ እኩለ ሌሊት አልተነሳሁም። ገምጋሚው አልዋሸኝም። እሱ የፈረደው ቤቱ ተቀምጦ፣ ብቻውን፣ ማንም ተራ ሳይጠብቀው ነው። እኔ ዘንድ ጌም የሚመዘነው በግጥሚያ ነው።

ሩዝም እንዲሁ ነው። እናቴ ሩዝ ስትገዛ ነጋዴውን «የቱ ይሻላል?» ብላ ስትጠይቀው ዝም ብሎ አይመልስላትም፤ አስቀድሞ «ለእንጀራ ነው ለጠላ?» ይላታል። እዚህ ወረታ ዙሪያ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ በገበሬው ዘንድ የቆየው ፍሬው ነጭ ስለሆነና ለእንጀራ ስለሚስማማ ነው። እዚሁ ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሄክታሩን ምርት ይመዝናል፤ እናቴ የምትመዝነው ምጣዷ ላይ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ስለዚህ የገምጋሚ ምርጫና ስሜት አያስቀይመኝም። ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን መጽሔት አንዱን ጌም ለአራት ሰዎች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ሰጥቶ ድምሩ ከ40 ይታያል። አንባቢው ከአራቱ መካከል ጣዕሙ የሚመስለውን ይዞ መከተል ይችላል። የሚያስከፋኝ የተደበቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጄፍ ገርስትማን የተባለ ገምጋሚ ጌምስፖት ለተባለው ድረ ገጽ ሲሠራ «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተባለ ጌም ከ10 ስድስት ሰጠ። የጌሙ ማስታወቂያ በዚያው ገጽ ላይ ይታይ ነበር፤ ገርስትማንም ከሥራ ተባረረ። በ2012 ራሱ ወጥቶ ከጀርባው የማስታወቂያ ከፋዮች ግፊት እንደነበረ ተናገረ። ያን ጊዜ ነጥቡን ያየ አንባቢ ይህን ከየት ያውቃል?

ለኔ ቤት ግን ከሁሉም የሚቀርበው ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም ነገር ነው። ታኅሣሥ 2020 ከመውጣቱ በፊት ገምጋሚዎች የተሰጣቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። ከፍተኛ ነጥብም ሰጡት። ፒኤስ ፎር በተባለው የሶኒ ማጫወቻ ማሽን የገዛው ሰው ያገኘው ግን የሚቆራረጥና በየመሐሉ የሚዘጋ ጌም ነው። ከሳምንት ገደማ በኋላ ሶኒ ከመደብሩ አወረደውና ገንዘብ መመለስ ጀመረ። እኔ ቤት ያሉት ሁለቱም ማሽኖች ፒኤስ ፎር ናቸው። «በምን ማሽን ሞከርከው?» የሚለው ጥያቄ ለኔ ከነጥቡ ይቀድማል።

አሁን በሩ አጠገብ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ሰቅያለሁ፤ አዲስ ጌም የሞከረ ሁሉ ይጽፍበታል። አብዛኛው «አሪፍ» ወይም «ይደብራል» ብሎ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለሁለት ሰው ጥሩ ነው፤ ለብቻ ይሰለቻል። በረኛው ዘግይቶ ይወድቃል። ሁለቴ ተሸንፌያለሁ፣ ተናድጄ ነው የጻፍኩት።»

የሚቀጥለውን ጌም ከማዘዜ በፊት እሱን እጠይቀዋለሁ።