የሰፈር ምግብ ቤት በክፉ ጊዜ እንዴት ይቆማል?



ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ አራት ወይም አምስት ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ሽሮና በያይነት የምታቀርበውን ትንሽ ምግብ ቤት በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ስለ ኑሮ ውድነት ስንነጋገር የገበያውን ወሬ እናነሳለን እንጂ በዚያች ቤት ጓዳ ቆመው የሚሠሩትን ሰዎች እምብዛም አናስባቸውም። ስለዚህ እነማን እንደሆኑና በምን ዘዴ እንደሚኖሩ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

የቤቷ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ሴት ናቸው፤ ደንበኛውም «እትዬ» ይላቸዋል። ወጡን የሚሠሩት፣ ሒሳቡን የሚይዙት፣ በማለዳ አትክልት ገበያ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ጋር እንጀራ ጋጋሪ፣ ዕቃ አጣቢና አንድ ወይም ሁለት አስተናጋጆች ይኖራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ የሚበሉት ግን እዚያው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቤቷ ስትዘጋ አስተናጋጇ የምታጣው ደመወዟን ብቻ ሳይሆን ምሳና እራቷን፣ አንዳንዴም ማደሪያዋን ጭምር ነው።

ችግሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ከታወቀ በኋላ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ማስተናገድ ተከለከለ። ከአንድ ገበታ ለመጉረስ ለለመደ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ያ ሲያልፍ ደግሞ የዘይት ጉዳይ መጣ። የምንበላው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ ከጥቁር ባሕር የሚወጣው የሱፍ ዘይት ተስተጓጎለ፤ በሚያዝያም ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ከአገሯ እንዳይወጣ ለሳምንታት ከለከለች። ባሕር ማዶ የተወሰነው ነገር ኮልፌ ያለውን የሽሮ ድስት ነካው ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ታዲያ ባለቤቲቱ ዋጋ ለምን አይጨምሩም? ደንበኞቻቸው የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛና ተማሪ ናቸው፤ የእነርሱ ገቢ በዚያው ልክ አልጨመረም። ዋጋ ሲወጣ ደንበኛው አይከራከርም፤ በማግሥቱ ከቤቱ ምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ዋጋው ሳይሆን ሳህኑ ነው። ሥጋው ከዝርዝሩ ይወጣል፤ እንጀራው አነስ ይላል፤ የጤፉ ዱቄት ከሩዝ ወይም ከማሽላ ጋር ይደባለቃል። (እኛ ይህን ማታለል ነው አንልም፤ ለደንበኛው እስከተነገረው ድረስ።) ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይበዛ የነበረው የጾም ምግብ በፍስክም ቀን ዋናው ምግብ ይሆናል። በነጻ ይጨመር የነበረው እንጀራ ይከፈልበታል። የትናንቱ እንጀራ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያ የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይወጣዋል። ከዚህ ቤት የሚጣል ነገር የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዱቤውና የኮንትራቱ ነገር ነው። ኮንትራት ማለት ደንበኛው ለወሩ ምሳ አስቀድሞ ሲከፍል ነው። በደኅናው ጊዜ ይህ ገንዘብ ጤፍ በኩንታል ለመግዛት ይረዳ ነበር። ዋጋ በየሳምንቱ ሲወጣ ግን ባለቤቲቱ በወሩ መጀመሪያ በተቀበሉት ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ዋጋ ማብላት ይገደዳሉ፤ ልዩነቱን የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አንዳንዶች ኮንትራቱን ወደ ዐሥራ አምስት ቀን፣ ሌሎችም ወደ ሳምንት አሳጥረውታል። ዱቤው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ደብተሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ደመወዝ ሲቀበል የሚከፍለው የዛሬ ወሩን ዋጋ ነው። ዱቤ ቢከለክሉ ጎረቤት ይቀየማል፤ ከዚያም በላይ ያ ሰው ሳይበላ ሊውል ይችላል፤ ባለቤቲቱም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ይጽፋሉ፣ ዝም ይላሉ።

ባንክ ለእንዲህ ያለች ቤት በቀላሉ አያበድርም፤ ማስያዣ የላትምና። መውጫው እቁብ ነው። እቁቡ ከጥር እስከ የካቲት፣ አዲሱ እህል ገበያ በገባበት ወራት የወጣላቸው ባለቤት ዕድለኛ ናቸው፤ ጤፉን በኩንታል ገዝተው ያስቀምጣሉ። ያልወጣላቸው በኪሎ ይገዛሉ፤ በኪሎ የሚገዛ ደግሞ ሁልጊዜ አብልጦ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ሰው ይቀነሳል። በመጀመሪያ የምትሄደው አብዛኛውን ጊዜ እንጀራ ጋጋሪዋ ናት፤ መብራት ሲጠፋ ምጣዱ ይቆማል፣ ማገዶውም ውድ ነውና። የባለቤቲቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታስተናግዳለች። እንጀራው ግን ከየትም መምጣት አለበት። ስለዚህ የተሰናበተችው ጋጋሪ ምጣድ ካገኘች በተከራየችው ቤት ትጋግርና በሰፌድ ተሸክማ ለዚያችው ምግብ ቤት ትሸጣለች። ሒሳቡ በቁጥር ነው፤ ማታ ማታ፣ የዕለቱ ሽያጭ ሲቆጠር ይከፈላታል።