የቤንዚን ወይስ የኤሌክትሪክ? ለወንድም መኪና ከመግዛታችን በፊት

 

ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ስንገናኝ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ወንድሜ መኪና ግዢልኝ ይለኛል። በራይድ ወይም በፈረስ ሠርቶ ገንዘቤን ሊመልስልኝ ቃል ገብቷል። የቱን ልግዛለት? የቤንዚኗን ወይስ የኤሌክትሪኳን?» የሚል ነው። ብዙዎች የሚያስቡት ከፍ ያለችውን፣ ኤስዩቪ የምትባለውን አነስተኛ መኪና ነው፤ የሰፈሩን ኮረኮንች ትችላለችና። ጥያቄው የመኪና ይምሰል እንጂ በውስጡ ያለው የአንዲት እህት የብዙ ዓመት ላብ ነው። ስለሆነም በዚህ እትማችን ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ወደድን።

ሕጉ ምን ሆነ?

እንደሚታወቀው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አስታውቀዋል። ምክንያቱ አገሪቱ ነዳጅ ለመግዛት የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ ግን ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ ላይ አቁሞት ነበር።

በመሆኑም ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን መኪና ስንገዛ የምንገዛው ቀደም ብላ የገባችውን ነው። እንደ ሱዙኪ ቪታራ ወይም ቶዮታ ራቭ 4 ያሉት ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የሚዞሩ ናቸው። እንደ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ወይም ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን አዲስ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ምርጫው ብዙ ጊዜ በአዲስ ኤሌክትሪክና በአሮጌ ቤንዚን መካከል መሆኑን ልብ እንበል።

ሒሳቡን በወረቀት እናስላው

አንዲት አነስተኛ ኤስዩቪ በከተማ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 8 ሊትር ቤንዚን ትፈልጋለች። ተመሳሳይዋ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ፣ ወደ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃታል። የቤንዚን ዋጋ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ለሒሳባችን ግን ይህንኑ እንያዝ። የመብራቱን ደግሞ አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት በ10 ብር እናስበው። ትክክለኛውን ዋጋ ከቤታችሁ የመብራት ደረሰኝ ላይ አስነብቡና በእኛ ቁጥር ፋንታ አስገቡት፤ ታሪፉ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗልና።

ወንድም በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 2,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለዚህ የቤንዚኗ 200 ሊትር፣ ማለትም 20,294 ብር ትወስዳለች። የኤሌክትሪኳ 500 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 5,000 ብር ትወስዳለች። በወር የ15 ሺህ ብር ልዩነት ነው። በዚህ ላይ የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና የዘይት ፊልትሮ የሚባል ወጪ የላትም።

መኪናዋ ለቤተሰብ ብቻ ሆና በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብትሄድስ? በወር 500 ኪሎ ሜትር ነውና ልዩነቱ ወደ 3 ሺህ ብር ይወርዳል። በመግዣው ላይ ብዙ መቶ ሺህ ብር ከጨመራችሁ ይህ ቁጠባ ያንን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲህ የኤሌክትሪኳ ጥቅም የሚጎላው ብዙ ለሚነዳ ሰው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በአማን የምናየውና የማናየው

እዚህ በአብዱን፣ በስዌፊየና በኸልዳ ሠፈሮች በምንሠራባቸው ቤቶች ማዳም ማታ መኪናዋን ሰክታ ስትተኛ፣ ጠዋት ሞልታ ስታገኛት እናያለን። «እንዴት ቀላል ነገር ነው!» እንላለን። የማናስተውለው ግን መኪናዋን ቀላል ያደረጋት ቤቱ መሆኑን ነው። ቤቱ የራሱ ጋራዥ፣ የራሱ ቆጣሪና በባለሙያ የተዘረጋ መስመር አለው።

ወንድማችን ግን የሚኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራያት ክፍል ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው የጋራ ነው። አከራይዋ ለልብስ ካውያ እንኳ የሚቆጡ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ይሰካል ሲባሉ ምን ይላሉ? ባለ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከተራ ሶኬት ከባዶ እስኪሞላ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 7 ኪሎ ዋት በሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ከሆነ 8 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካውያና ልብስ ማጠቢያ ባንድ ላይ የተሰካበት ማከፋፈያ እንዴት እንደሚቀልጥ የምናውቅ እኛ ነን፤ በዚህ ነገር ቤት ይቃጠላል። ወፍራም ገመድና የመሬት ሽቦ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ካልተቻለ ወደ ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ አበባ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል፣ ሌሎችም አሉ። ሆኖም በጣቢያ ያለው ዋጋ ከቤቱ ስለሚለይ፣ ተራ መጠበቁም ከሥራው ሰዓት ላይ ስለሚቀነስ፣ ከላይ ያሰላነው ሒሳብ ይለወጣል። የቤንዚን ሰልፍም ቢሆን ቀን የሚያስውልበት ጊዜ እንዳለ መርሳት የለብንም።

ዳገቱና ረጅሙ መንገድ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና እንጦጦን ሲወጣ አይደክምም፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ጥቂት ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል። በአማን ኮረብታዎች ላይ እነዚህ መኪናዎች የተወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ነገር ግን ወንድም ያለው በደሴ ወይም በወልድያ ከሆነ፣ ወይም ሥራው ከአገር አገር መመላለስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራች ዩዋን ፕላስ ባለ ትንሹ ባትሪ 430 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ይጻፍባታል። ይህ በቻይና መለኪያ የተገኘ ቁጥር ነው፤ በእውነተኛው መንገድ፣ በዳገትና በጭነት ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት መንገድ ላይ ቤንዚን በጀሪካን ይመጣል፣ መብራት ግን አይመጣም። ለእንዲህ ያለው ሰው ዛሬም በደንብ የተያዘች የቤንዚን መኪና ትሻለዋለች ብለን እናምናለን።

ጥገናውም ይታሰብ። የቤንዚን መካኒክ በየሠፈሩ አለ። ለቻይና ገበያ ተሠርታ በነጋዴ እጅ የገባች የኤሌክትሪክ መኪና ግን ጽሑፏ በሙሉ ቻይንኛ ሊሆን፣ የፋብሪካው ዋስትናም ኢትዮጵያ ላይ ላይሠራ ይችላል። «የስምንት ዓመት የባትሪ ዋስትና አላት» ሲሏችሁ «ዋስትናውን በጽሑፍ የሚሰጠኝ ማነው? ጋራዡስ የት ነው?» በሉ።

ከዛርቃ ላምጣልሽ ለሚሉ

በዛርቃ ነጻ ቀጠና ብዙ መኪና እንደሚሸጥና ወደ ሌላ አገርም እንደሚላክ ታውቃላችሁ። ከዚያ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው በጅቡቲ በኩል እንልክልሻለን የሚሉ አይጠፉም። ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋዋ ባትሪዋ ነው። በመሣሪያ ተመርምሮ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው ሳታዩ፣ የግጭት ታሪኳንም ሳትጠይቁ አንድ ዲናር አታውጡ።

ሕግም ይለዋወጣል። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የነበረውን ልዩ ግብር ከፍ አድርጋ፣ በጁን 2025 ደግሞ ለኤሌክትሪክ 27 በመቶ፣ ለቤንዚን 51 በመቶ አድርጋዋለች። በአገራችንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደንቡ ደጋግሞ ተለውጧል። የዛሬውን ደንብ ከጉምሩክ ሳታረጋግጡ በአምናው ወሬ አትግዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ስሙ በማን ይሁን?

ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ እ.ኤ.አ. 2024 ሲያበቃ ከ120 ብር አልፏል። ዲናራችን ከዶላር ጋር የታሰረ በመሆኑ የምንልከው ብር በዝቶ ይታየናል፤ የመኪናውም ዋጋ አብሮ እንደወጣ ግን እንዘንጋለን። የበዛው ብሩ ነው፣ የሠራንበት ሰዓት ያው ነው። ስለዚህ፦

1. ሊብሬው በእናንተ ስም ይውጣ። ወንድም ቢቀየም እንኳ ዛሬ ተቀይሞ ነገ መታረቅ ይሻላል።

2. ውክልና ስትሰጡ ለመግዛትና ለማስተዳደር ብቻ ይሁን። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለው ቃል እንዳይገባ አስነብባችሁ ፈርሙ።

3. በወር ስንት ብር በስማችሁ ባለ የባንክ ሒሳብ እንደሚያስገባ በጽሑፍ ተስማሙ።

4. ጎማ፣ ኢንሹራንስና ያልታሰበ ብልሽት አለና ከገንዘባችሁ ጥቂቱን አስቀሩ። ያላችሁን ሁሉ የምትጨርስ መኪና ገና አልተቻለችም ማለት ነው።

5. መንጃ ፈቃዱን አይታችሁ፣ ቻርጅ የሚያደርግበትን ቦታ በፎቶ አስልካችሁ ወስኑ።

በአጭሩ ስናጠቃልለው፦ ከተማ ውስጥ ብዙ ለሚነዳ፣ የራሱ ቆጣሪና ግቢ ላለው የኤሌክትሪኳ ትሻላለች። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ወይም ማደሪያዋ ለማይመች የቤንዚኗ። ለቤት ጉዳይ ብቻ ለሚፈልጋት ደግሞ ሁለቱም ይቆዩለት፤ ያ ገንዘብ እናንተ ስትመለሱ የምትጀምሩበት መነሻ ይሁን። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲያስተምር አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላትን ነግሮናል። ስሌቱን እንዲሠራ የነገረው ደግሞ ገንዘቡን ለሚያወጣው ሰው ነው።

ወረቀትና ብዕር ይዛችሁ የምትመጡ እህቶች ካላችሁ ከጸሎት በኋላ አብረን እናሰላለን። የእጃችሁን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክ፤ ለአገራችሁ በሰላም ያብቃችሁ። አሜን።