በጠራ ውኃ የሚሰወረው ዓሣ

የዶክትሬት ትምህርቴን በሰሜን አሜሪካ በምከታተልበት ጊዜ፣ በላቦራቶሪ አብሮኝ ከሚሠራ ባልደረባዬ ጋር አራት ቀን ሙሉ በአንዲት ጀልባ ላይ ቆሜ መንጠቆ ስወረውር ሰንብቻለሁ። በአራቱ ቀናት የያዝነው ዓሣ አንድ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ባልደረባዬ ዕድለኞች መሆናችንን ደጋግሞ ነገረኝ። የምናሳድደው ዓሣ መስከላንጅ ይባላል፤ አጥማጆቹ በአጭሩ መስኪ ይሉታል። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ አፉ እንደ ዳክዬ መንቁር የተዘረጋና በሾሉ ጥርሶች የተሞላ አዳኝ ነው። በአገሩ «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ቅጽሉን የሰጡት ሰዎች ብዙም እንዳላጋነኑ ክንዴ ምስክር ነው።

የነበርንበት ሐይቅ በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ድንበር ላይ የሚገኘው ሌክ ኦፍ ዘ ውድስ ነው። ከ14,000 በላይ ደሴቶች አሉት። ደቡባዊው ክፍሉ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሲሆን ውኃው ድፍርስ ነው። በኦንታሪዮ በኩል ያለው ዋይትፊሽ ቤይ ግን በጥንታዊ ጠንካራ ቋጥኝ መካከል የተኛ፣ ጥልቅና እጅግ የጠራ ውኃ ነው። ቋጥኙ በቀላሉ ስለማይሸረሸር ወደ ውኃው የሚገባው ደለልና ማዕድን ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ውኃውን የሚያደፈርሱ ጥቃቅን አልጌዎች እንደ ልብ አይራቡም። በክረምት ወራት በገባር ወንዞቹ ደለል የሚደፈርሰውን የጣና ሐይቅን ያየ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል።

የውኃን ጥራት ለመለካት የሚያገለግለው መሣሪያ ከወጥ ቤት ሰሃን ብዙም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1865 ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ ወደ ባሕር በማውረድ፣ ሰሌዳው ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መዘገበ። ዘዴው ዛሬም በመላው ዓለም በስሙ ይጠራል፤ ከዚህ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሳይንሳዊ መሣሪያ እኔ አላውቅም።

ለመሆኑ ውኃው ይህን ያህል ከጠራ ዓሣውን ማግኘት ስለምን ያስቸግራል? መልሱ ዓሣውም እኛን ማየቱ ላይ ነው። ነገሩን በብርሃን ስብረት ሕግ እንመልከተው። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ አቅጣጫውን ወደ ቁልቁል ያጥፋል። በዚህ ምክንያት ከውኃው ሥር ሆኖ ወደ ላይ ለሚመለከት ዓሣ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለው ዓለም በሙሉ 97 ዲግሪ ስፋት ባለው አንድ ክብ መስኮት ውስጥ ተጠቃልሎ ይታያል። ከመስኮቱ ውጭ ያለው የውኃ ገጽ ለዓሣው እንደ መስተዋት ነው፤ የሐይቁን ውስጥ መልሶ ያሳየዋል እንጂ ሰማይን አያሳየውም።

የመስኮቱ ጠርዝ ለአጥማጅ ልዩ ትርጉም አለው። ከአድማስ በላይ እስከ 10 ዲግሪ ከፍታ ድረስ ያለው ነገር ሁሉ፣ በጠርዙ ላይ በ1 ዲግሪ ስፋት ውስጥ ተጨምቆ ይቀራል። በጀልባው ላይ የቆመ፣ ጭንቅላቱ ከውኃው በላይ 2 ሜትር የሆነ ሰው፣ 10 ሜትር ርቆ ለሚገኝ ዓሣ ከዚህ የተጨመቀ ክፍል ብቅ ማለት ይጀምራል። ተንበርክኮ ቢወረውር ግን ከዳር ካለው ጭጋጋማ መስመር ጋር ይቀላቀላል። ባልደረባዬ በረጋ ውኃ ላይ ስቆም «ተቀመጥ!» እያለ የሚቆጣኝ ለዚህ ነበር። ነፋስ የውኃውን ገጽ ሲያናውጥ መስኮቱ ስለሚሰባበር መቆምም አይጎዳም። የጠራ ሐይቅ አጥማጆች ነፋስ የሚመታውን ዳርቻ፣ ደመናማውን ቀንና የምሽቱን ድንግዝግዝ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛም በበኩላችን አንድ ዘዴ ነበረን። ከውኃ ገጽ ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን፣ በተለይ ከቀጥተኛው መስመር በ53 ዲግሪ ገደማ ሲመጣ፣ ንዝረቱ ወደ አግድም ያደላ ነው። ፖላራይዝድ መነጽር ይህን አግድም ንዝረት ስለሚያግድ ነጸብራቁ ይጠፋና የሐይቁ ውስጥ ይገለጣል። መነጽሩን ያደረግሁበት ቅጽበት ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም፤ ብር መስሎ ይታየኝ የነበረው የውኃ ገጽ ተገፎ ከሥሩ የቋጥኝ ገደል ብቅ አለ።

ቀለምም የራሱ ታሪክ አለው። ንጹሕ ውኃ ቀዩን ብርሃን በፍጥነት ይመጥጣል፤ 5 ሜትር ሲወርድ ከጥልቁ ቀይ ብርሃን አንድ አምስተኛው እንኳ አይተርፍም። በሱቅ መስኮት እንደ እሳት የሚነድ ቀይ ማባበያ እዚያ ጥቁር ጥላ ነው። ሻጮቹ ይህን ለገዢ ሲናገሩ አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ዓሣው የት ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ እንጠይቅ። (እነርሱ በጋ የሚሉት ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ክረምት መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።) ውኃ ከፍተኛ እፍግታ የሚኖረው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅ ይቀልላል። ሆኖም አቀላለሉ እኩል አይደለም። ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚያጣው እፍግታ፣ ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚያጣው 30 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በበጋ የሞቀው የላይኛው ውኃ በቀዝቃዛው ላይ እንደ ዘይት የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው። በሁለቱ መካከል መጠነ ሙቀት በጥቂት ሜትሮች ውስጥ በድንገት የሚወርድበት ንብርብር አለ፤ ቴርሞክላይን ይባላል። ሲስኮ የተባሉት ቅባታም ትናንሽ ዓሦች ቅዝቃዜ ስለሚወዱ ወደዚህ ንብርብር ይወርዳሉ፤ መስኪም ምግቡን ተከትሎ ከዳርቻ ርቆ፣ 30 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ መካከል ተንጠልጥሎ ይገኛል። ሣር ሥር ይፈልገው የነበረ አጥማጅ በባዶ ስፍራ ሲወረውር ይውላል።

መስኪ ማባበያውን ቢከተልም ላይነክሰው ይችላል። በሁለተኛው ቀን ክንድ የሚያህል ርቀት ጠብቆ እስከ ጀልባው ድረስ የተከተለን አንድ ዓሣ፣ እኔን አየት አድርጎ ቀስ ብሎ ሰጠመ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው፣ ፊውክስና ካን የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የዚህን ባሕርይ ውስጠ ነገር ያሳያል። ዓሣው በመጀመሪያ በዓይኑ እየተመራ፣ ሰውነቱን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ይጠጋል፤ ከዚያ በቅጽበት ይወረወራል። የማየት ኃይሉ የተወሰደበት መስኪ አድፍጦ መጠጋት ይተዋል፤ ነገር ግን በጣም በቅርቡ ያለን ሲሳይ ያጠቃል። ይህን የሚያደርገው በሰውነቱ ጎን ላይ የተሰለፉት የስሜት ሕዋሳት የውኃውን እንቅስቃሴ ስለሚነግሩት ነው። እንግዲህ በጠራ ውኃ ዓይኑ ከሩቅ ይመረምራል፣ ይጠራጠራልም። አጥማጆቹ ይህን ጥርጣሬ ለመስበር ማባበያውን ከጀልባው ጎን ሲያደርሱ አያወጡትም፤ የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክረው ትልቅ ስምንት ቁጥር ይስላሉ።

የእኛም ዓሣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የነከሰው በዚሁ ስምንት ቁጥር መታጠፊያ ላይ ነበር። 118 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዚያ ሐይቅ ከ137 ሴንቲ ሜትር ያነሰ መስኪ ይዞ መሄድ ስለማይፈቀድ መልቀቅ ግዴታችን ነው፤ ባልደረባዬ ግን ፎቶግራፍ ፈለገ። አነሣሁት። ፀሐይ ከፊቱ ሆነና ሁለተኛ ፎቶግራፍ አስፈለገ። ዓሣውን ወደ ውኃ ስንመልሰው በጎኑ ተንጋለለ።

በዚያች ሰዓት የላይኛው ውኃ ሙቀት 26 ዲግሪ ነበር። በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ26 ዲግሪ ከ8 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። በአንጻሩ የሞቀ ዓሣ ሰውነት የሚጠይቀው ኦክስጅን ይጨምራል። ታግሎ ጡንቻው በላክቲክ አሲድ የተሞላ፣ ከዚያም በአየር ላይ ትንፋሽ አጥቶ የቆየ ዓሣ ዕዳውን የሚከፍለው ከዚህ ከደኸየ ውኃ ነው። የዚህ መጠን ያለው መስኪ ለማደግ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይፈጅበት አይቀርም። ጅራቱን ይዤ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ደገፍሁት። ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ ጅራቱ በእጄ ውስጥ ተጠናከረና ተላቀቀኝ፤ ወደ ቀዝቃዛው ንብርብር ቁልቁል ሲወርድ በመነጽሩ እስከማይታየኝ ድረስ ተከተልሁት። ይኑር ይሙት አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ባልደረባዬ ከመንጠቆው አስቀድሞ ቴርሞሜትሩን ወደ ውኃው አወረደ። 27 ዲግሪ አነበበ። ዘንጎቹን ጠቅልሎ ሞተሩን አስነሣ፤ የቀረውን ቀን የሴኪን ሰሌዳ ከወጥ ቤት ሰሃን ሠርተን የሐይቁን ጥራት ስንለካ ዋልን።