መቆም የማይችለው ትምህርት፦ ከፕላዝማ እስከ መምህሩ ስልክ

በ1997 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት አገሪቱ ቴክኖሎጂን ወደ መማሪያ ክፍል ለማስገባት ካደረገቻቸው ሙከራዎች ሁሉ በስፋቱ ቀዳሚውን ስፍራ ከሚይዙት አንዱ ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ይቀረጽና በሳተላይት በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይሰራጭ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛን የመሳሰሉ ትምህርቶች በዚሁ መንገድ ይሰጡ ነበር። መነሻው ግልጽ ነው። ትምህርት ቤቶቹና ተማሪዎቹ በፍጥነት ሲበዙ ብቁ መምህር በዚያው ልክ አልተገኘም። አዲስ አበባ ያለ ተማሪና በካፋ ዞን ቢታ ገነት ያለ ተማሪ ከአንድ መምህር እኩል ይማራሉ የሚለው ሐሳብም በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነበር።

ክፍለ ጊዜው የተከፋፈለበት መንገድ ግን የክፍሉን መምህር ወደ ጥግ ገፋው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለመግቢያ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለማጠቃለያ ሲሰጠው መካከሉን በሙሉ የሚይዘው ቴሌቪዥኑ ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ የተወሰነ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ተማሪው ገና ጥያቄውን ወደ ደብተሩ እየገለበጠ ቢሆንም ማን ይጠብቀዋል? መምህሩ “ቆይ፣ ይህን ልድገምላችሁ” ማለት አይችልም፤ እሱ ሲናገር ሥርጭቱ ያመልጣል።

ችግሩ የመምህራን ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ በአእምሮ አሠራርም ይብራራል። አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚስተናገደው በሥራ ትውስታ ውስጥ ነው። ይህ ትውስታ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት አዲሱ አሮጌውን ያስወጣዋል። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ሥራ ይህን ጫና የትምህርት አሰጣጥ ዋና ጉዳይ አደረገው። ሪቻርድ ሜየርና ፖል ቻንድለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ቀላል ሙከራ አቀረቡ። መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያነሰ ተንቀሳቃሽ ምስል ወስደው ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች ሳይቋረጥ አሳዩ፤ ለሌሎቹ በ16 ቁራጭ ከፍለው፣ እያንዳንዱ ሲያልቅ ቁልፍ ተጭነው እንዲቀጥሉ አደረጉ። ምስሉም ድምፁም ያው ነው። በራሳቸው ፍጥነት የተጓዙት ግን የተማሩትን ወደ አዲስ ጥያቄ በማሸጋገር በልጠው ተገኙ።

ፕላዝማው ከዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ለዚያውም በእንግሊዝኛ። የፊዚክሱን ሕግ ከመረዳቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን መፍታት የሚጠበቅበት ተማሪ የሥራ ትውስታው በቋንቋው ይሞላል።

ካፋ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል፤ ዝናብ። አካባቢው ከኢትዮጵያ ዝናባማ ስፍራዎች አንዱ ነው። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሆነ የሳተላይት ሞገድ ደግሞ የዝናብ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ይዋጣል፣ ይበተናልም፤ ዶፉ በበረታ ቁጥር ዲሹ የሚቀበለው ምልክት ይዳከማል። መብራት ከጠፋማ ጉዳዩ አለቀ። በሥርጭት የሚመጣ ትምህርት አንዴ ካመለጠ ተመልሶ አይመጣም።

ያው ቪዲዮ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ተቀድቶ መምህሩ እጅ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። መምህሩ ያቆመዋል፣ ይመልሰዋል፣ “ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?” ብሎ ይጠይቃል፣ በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋ በካፊ ኖኖ ያብራራል። ኔትወርክም አያስፈልገውም። ልዩነቱን የሚያመጣው የመሣሪያው ዘመናዊነት አይደለም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ሰው ማንነት ነው። የካፊ ኖኖ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ የተለየ የፊደል ገበታ ሳይጫን በማንኛውም ስልክ ሊጻፍ መቻሉም በመማሪያ እጥረት ለሚቸገሩ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ቀላል የማይባል ዕድል ነው። አጭር ታሪክ ጽፎ ወይም ድምፅ ቀርጾ ለሥራ ባልደረባ ማካፈል ስቱዲዮ አይጠይቅም።

ይህን ማድረግ ግን ስልክ ከመያዝ ያለፈ ዕውቀት ይፈልጋል። ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረቡት ማዕቀፍ መሠረት መምህሩ የሚያስተምረውን ይዘት፣ የማስተማር ዘዴውንና መሣሪያውን አስተሳስሮ ማወቅ አለበት፤ ሦስቱን ለየብቻ ማወቅ አይበቃም። ፓወር ፖይንት የሠለጠነ የባዮሎጂ መምህር የሕዋስን ክፍፍል በምን ምስል፣ የት ላይ አቁሞ እንደሚያስረዳ ሊያውቅ የሚችለው ከትምህርቱ ጋር አያይዞ ሲለማመደው ነው።

ለልምምዱ መዋቅሩ በኢትዮጵያ አለ። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ መምህራን በአጭሩ “ተሙማ” የሚሉት፣ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይመድባል። አጎራባች ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል ይገናኛሉ። ለካፋ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን የሚያፈራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ቦንጋ ላይ አለ። ድክመቱ 60ው ሰዓት በቀላሉ የማኅደር ወረቀት መሙያ መሆኑ ነው፤ ማኅደሩ ይወፍራል፣ ክፍሉ እንደነበረ ይቀራል። አንድ መምህር የራሱን የ10 ደቂቃ ትምህርት በስልክ አስቀርጾ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ቢመለከት፣ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ቢቆጥሩለት፣ ከብዙ ቀን አውደ ጥናት የበለጠ የሚያገኝበት ዕድል ሰፊ ነው።

መሣሪያው ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በጎረቤት አገር ተፈትኗል። በኬንያ ኪሱሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሦስት አማራጮችን አወዳደረ፦ ለተማሪዎች የንባብ መሣሪያ፣ ለመምህራን ታብሌት፣ ትምህርት ቤት እየዞሩ መምህራንን ለሚደግፉ አማካሪዎች ታብሌት። ሦስቱም የልጆቹን ንባብ አሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። አማካሪዎቹ ደግሞ ከተማሪዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ወጪው ያነሰው የእነሱ ነው። እኛ አገር የዚህ አቻ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ነው።

መንገዱ በክረምት ጭቃ ለሚሆንበት ሱፐርቫይዘር መሄዱን ትቶ በስልክ መደገፍ ያጓጓል። በደቡብ አፍሪካ ምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ይህንኑ ለሦስት ዓመት የፈተነው ጥናት ውጤት ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በአካል የተደገፉት መምህራን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ንግግርም ንባብም ተሻሻሉ። በስልክና በታብሌት ብቻ የተደገፉት ዘንድ የንግግር መሻሻሉ አነስተኛ ነበር፣ ንባቡ አልተለወጠም፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብና ጽሕፈት ጭራሽ ወደ ኋላ ቀረ፤ መምህራኑ ለእንግሊዝኛው ሲሉ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ክፍለ ጊዜ ወስደው ነበርና። ቴክኖሎጂው ራሱ እንቅፋት አልነበረም። የጎደለው በአካል መገናኘት የሚያመጣው ተጠያቂነትና ድጋፍ ነበር። ካፊ ኖኖ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን በሚሰጥባቸው የካፋ ትምህርት ቤቶች ስልኩ ሊሞላው የሚችለው በሁለት ጉብኝቶች መካከል ያለውን ጊዜ እንጂ የጉብኝቱን ቦታ አይደለም።